ከግቡ ሁለት ቅብብል ቀድሞ፦ የማይክል ካሪክ የክለብ ሕይወት

ለታዳጊ ቡድን አሰልጣኞች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን እንግሊዛዊው አማካይ ማይክል ካሪክ ነው። በማንችስተር ዩናይትድ ማልያ 464 ጨዋታ አድርጎ ያስቆጠረው 24 ግብ ነው፤ አንድ ጥሩ አጥቂ በአንድ የውድድር ዘመን ሊያገባው የሚችለውን ያህል። ሆኖም ይኸው ሰው አምስት የፕሪሚየር ሊግ፣ አንድ የሻምፒዮንስ ሊግና አንድ የኤፍኤ ካፕ ዋንጫ አንስቷል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚያን ዘመን ዩናይትድ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጩኸቱ ለሩኒና ለሮናልዶ ነበር። ግቡ በድጋሚ ሲታይ ምስሉ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ካሪክ ኳሷን ከለቀቃት በኋላ ነው። ሥራው ከግቡ ሁለት ቅብብል ቀድሞ ስላለቀ እሱ በምስሉ ውስጥ የለም። እኛም እንደ ተመልካቹ ካየን፣ በየሜዳችን ያለውን እንዲህ ያለ ልጅ «አይሮጥም፣ አይጋፈጥም» ብለን እንጥለዋለን። ይህን ዓይነት አማካይ ለብቻው መመዘን አይቻልም። የሚመዘነው አጠገቡ ከሚቆመው፣ ከፊቱ ከሚንቀሳቀሰውና ከኋላው ከሚሸፍነው ሰው ጋር ነው። ስለዚህ የካሪክን የክለብ ታሪክ የማየው «ከማን ጋር ተሰለፈ?» እያልኩ ነው።

ካሪክ በ1981 የተወለደው ከኒውካስል አጠገብ ባለችው ዋልሰንድ ነው። እዚያ ያለው ዋልሰንድ ቦይስ ክለብ አለን ሺረርን፣ ፒተር ቤርድስሊንና ስቲቭ ብሩስን ያፈራ የታዳጊዎች ክለብ ነው። ካሪክ በልጅነቱ እዚያ አጥቂ ነበር። ይህን በቀላሉ አትለፉት። አጥቂ ሆኖ ያደገ ልጅ ኳስ በየትኛው እግሩ፣ በምን ያህል ፍጥነት ቢደርሰው ዞሮ መምታት እንደሚችል በሰውነቱ ያውቀዋል። በኋላ ወደ መሐል ሜዳ ሲወርድ ያን እውቀት ይዞ ይወርዳል። ልጆችን በ12 ዓመታቸው «አንተ ተከላካይ፣ አንተ አማካይ» ብሎ መቆለፍ የሚያሳጣን ይህንን ነው።

ከሰሜን ወደ ለንደን ወርዶ ዌስትሃም ገባ። በ1999 የክለቡ ታዳጊ ቡድን ኮቨንትሪን በደርሶ መልስ 9 ለ 0 አሸንፎ የኤፍኤ ወጣቶች ዋንጫን ሲወስድ እሱና ጆ ኮል አንድ ላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት አሰልጣኙ ሃሪ ሬድናፕ በዋናው ቡድን አሰለፈው። ከዚያ ለአጭር ጊዜ በውሰት ወደ ስዊንደን ታውን፣ ቀጥሎ ወደ በርሚንግሃም ሲቲ ሄደ። ውሰቶቹ ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ፤ ለቴክኒክ ሳይሆን ከትላልቅ ሰዎች ጋር መጋፋትን ለመልመድ ያህል የሚበቁ።

ዌስትሃም በዚያ ወቅት ሪዮ ፈርዲናንድን፣ ፍራንክ ላምፓርድን፣ ጆ ኮልን፣ ጀርሜን ዴፎንና ካሪክን የያዘ ክለብ ነበር። ፈርዲናንድ በ2000 ወደ ሊድስ፣ ላምፓርድ በ2001 በ11 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ቼልሲ ሄዱ። በ2003 ቡድኑ በ42 ነጥብ ወረደ። በ38 ጨዋታ በሚካሄደው ፕሪሚየር ሊግ ከዚህ የበለጠ ነጥብ ይዞ የወረደ የለም። ከዚያ ጆ ኮልና ግሌን ጆንሰን ለቼልሲ ተሸጡ፤ ዴፎም በዓመቱ አጋማሽ ቶተንሃም ገባ። ካሪክ ግን አንድ ዓመት ታችኛው ዲቪዚዮን ቆየ፤ በግንቦት 2004 ቡድኑ ለማደግ ባደረገው የመጨረሻ ጨዋታ በክሪስታል ፓላስ 1 ለ 0 ተሸነፈ።

የወረደ ቡድን ውስጥ ያለ ኳስ አቀባይ አማካይ ምን ይገጥመዋል? ቡድኑ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ኳስ የሚደርሰው ለራሱ ግብ ቀርቦ፣ ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ነው። ቀና ሲል የሚሮጥለት ሰው 40 ሜትር ርቆ ብቻውን ነው። ምርጫው ሁለት ይሆናል፤ ወደ ጎን ማቀበል ወይም ረጅም ኳስ መለጋት። የመጀመሪያውን ሲያደርግ «ፈሪ»፣ ሁለተኛውን ሲያደርግ «ኳስ አባካኝ» ይባላል። ችግሩ ያለው በእግሩ ሳይሆን በቡድኑ ርዝመት ነው። ከፊት አጥቂው እስከ ኋላ ተከላካዩ ያለው ርቀት ከ35 ሜትር ሲያልፍ የትኛውም አቀባይ አይሠራም።

በነሐሴ 2004 ቶተንሃም ወሰደው፤ በወቅቱ የተዘገበው ዋጋ 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ለእንዲህ ያለ ተጫዋች ዛሬ ይህ ገንዘብ ምንም ነው። አሰልጣኙ ዣክ ሳንቲኒ ብዙም አልተጠቀመበትም፤ በኅዳር ሳንቲኒ ሲለቅና ማርቲን ዮል ሲተካ ካሪክ ቋሚ ሆነ። በ2005 ኤድጋር ዳቪድስ መጣ፤ አጠገቡ የሚጋፈጥና ኳስ የሚነጥቅ ሰው ተገኘ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ካሪክ የራሱን ቦታ ያገኘው። ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ኳስ ይቀበላል፣ የመጀመሪያውን የጫና መስመር (ኳስ ለመንጠቅ ቀድመው የሚጫኑትን ተጋጣሚዎች) በአንድ ቅብብል ያልፋል፣ ከዚያ ከኋላ ሆኖ ይሸፍናል።

የ2005/06 መጨረሻ ለቶተንሃም ደጋፊ እስካሁን ያማል። ግንቦት 7 ቀን 2006 ከአርሰናል አንድ ነጥብ ቀድመው ወደ ዌስትሃም ሜዳ ሊሄዱ ሲሉ ሌሊቱን በርካታ ተጫዋቾች በትውከት ታመሙ፤ ካሪክ አንዱ ነበር። ጥፋቱ መጀመሪያ በላዛኛ ላይ ተለጠፈ፤ በኋላ ምርመራው ያመለከተው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የሆድ ቫይረስ ነው። ቶተንሃም 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ አርሰናል ዊጋንን 4 ለ 2 አሸንፎ በ67 ነጥብ ሻምፒዮንስ ሊግ የሚያስገባውን አራተኛ ቦታ ሲይዝ ቶተንሃም በ65 አምስተኛ ቀረ።

ከዚያ ማንችስተር ዩናይትድ። ሐምሌ 31 ቀን 2006 ሲፈርም የተዘገበው ዋጋ 14 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ በውጤት ላይ በተመሠረቱ ተጨማሪ ክፍያዎች እስከ 18.6 ሚሊዮን የሚደርስ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ዋጋው ከአምስት እጥፍ በላይ አደገ። ሮይ ኪን በኅዳር 2005 ለቆ ስለነበር ካሪክ የእሱን 16 ቁጥር ማልያ ለበሰ፤ የስህተቱ ምንጭም እዚያው ነው። ሰው ሁሉ ሌላ ኪን ጠበቀ፦ የሚጮህ፣ የሚጋጭ፣ ታክል የሚገባ (ተንሸራትቶ ኳስ የሚነጥቅ)። አሰልጣኙ አሌክስ ፈርጉሰን የፈለገው ግን ኳስ በፍጥነት ወደ ፊት የሚያደርስ ሰው ነበር።

አጠገቡ ፖል ስኮልስ ቆመ። ወረቀት ላይ ይህ ጥምረት አይሠራም። ሁለቱም ፈጣን አይደሉም፤ ሁለቱም በታክል አይታወቁም። የሠራው በሦስት ምክንያት ነው። ፈርዲናንድና ቪዲች ከኋላ ወደ ላይ ስለሚገፉ ከአማካዮቹ ጀርባ የሚቀረው ክፍተት ጠባብ ነበር። ከፊት ሩኒ፣ ሮናልዶና ጊግስ ኳስ ሳይደርሳቸው ሩጫ ይጀምሩ ስለነበር የሚቀበል ሰው ሁሌም ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ አንድ መስመር ላይ አይቆሙም ነበር፤ አንዱ ወደ ኋላ ሲወርድ ሌላው ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ ሰያፍ ይይዛል። ዩናይትድ ያን ዓመት በ89 ነጥብ፣ ቼልሲን በስድስት ነጥብ በልጦ ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያውን ሊግ ወሰደ። ከዚያ 2008፣ 2009፣ 2011፣ 2013 ተከተሉ።

ሚያዝያ 10 ቀን 2007 በሻምፒዮንስ ሊግ ሮማን 7 ለ 1 ያሸነፉበትን ምሽት እንደገና ፈልጋችሁ እዩት። ዩናይትድ በመጀመሪያው ጨዋታ ሮም ላይ 2 ለ 1 ተሸንፎ ነበር፤ ስኮልስ እዚያ በቀይ ካርድ ስለወጣ በመልሱ አልተሰለፈም። ካሪክ ከዳረን ፍሌቸር ጋር ሆነ። ፍሌቸር ሯጭና ኳስ አሳዳጅ ነው፤ እሱ ሲያሳድድ ካሪክ ከፍ ብሎ መጫወት ቻለ፤ በ11ኛውና በ60ኛው ደቂቃ ከሩቅ መትቶ ሁለት አገባ። ሰውየው በአንድ ሳምንት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

በሞስኮው የ2008 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ከቼልሲ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተው በመለያ ምት 6 ለ 5 ሲያሸንፉ ሁለተኛዋን ምት መትቶ ያገባው ካሪክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ባልደረቦቹ አንድ በአንድ አለቁ። ኦወን ሃርግሪቭስን ጉልበቱ አስቀረው፤ ፍሌቸርን የአንጀት ቁስለት ሕመም ለረጅም ጊዜ ከሜዳ አራቀው፤ አንደርሰን ጉዳት እየደጋገመው ቀጣይነት አጣ፤ ስኮልስ በ2011 ጫማ ሰቅሎ በጥር 2012 ተመለሰ። ካሪክ በእነዚያ ዓመታት «ወረደ» ሲባል ይህ አብሮ አይነገርም። ተከላካዮች በጉዳት ሲያልቁ ደግሞ ወደ ኋላ ይገባ ነበር፤ በታኅሣሥ 2009 ቮልፍስቡርግ ላይ ከፍሌቸርና ከኤቭራ ጋር በሦስት ተከላካይ መሐል ተጫውቶ ቡድኑ 3 ለ 1 አሸንፏል።

አሁን ከባርሴሎና ጋር ወደተደረጉት ሁለት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜዎች። ለእናንተ ለአሰልጣኞች ከዋንጫዎቹ ይልቅ እነዚህ ይጠቅማሉ። በ2009 ሮም ላይ ፍሌቸር በግማሽ ፍጻሜው ባየው ቀይ ካርድ አልነበረም። ዩናይትድ ጨዋታውን በጥሩ ሁኔታ ጀምሮ ሳለ በ10ኛው ደቂቃ ኢኒዬስታ ኳስ ይዞ መሐል ሜዳውን ሰንጥቆ ለኤቶ አቀበለ፤ ግብ። የሚያሳድደው ሰው አልነበረም። 2 ለ 0 አለቀ። ካሪክ በዚህ ጨዋታ ራሱን ወቅሶ ለሁለት ዓመት ያህል የድብርት ስሜት እንደተጫነው ጫማ ከሰቀለ በኋላ በ2018 በይፋ ተናግሯል። ከውጭ ረጋ ብሎ የሚታይ ተጫዋች ውስጡ ምን እንደሚሸከም ለማወቅ አሰልጣኙ መጠየቅ አለበት፤ ፊቱ አይነግረውም።

በ2011 ዌምብሌይ ላይ የተፈጠረው በሒሳብ ይገለጻል። ዩናይትድ መሐል ላይ ካሪክንና ጊግስን አቆመ። ባርሴሎና ቡስኬትስ፣ ዣቪና ኢኒዬስታ ነበሩት፤ ሜሲ ከአጥቂነት ቦታው ሲወርድ አራት ይሆናሉ። ካሪክ ዣቪን ለመያዝ ሲወጣ ሜሲ ከጀርባው ብቻውን ይቀራል፤ ሜሲን ለመዝጋት ሲቆይ ዣቪ ዞሮ ፊቱን ወደ ግብ ያደርጋል። ሁለቱም ውሳኔ ትክክል ነው፤ ሁለቱም ግብ ያስከትላል። 3 ለ 1 ተሸነፉ። መፍትሔው ካሪክን «ፍጠን» ማለት አይደለም። ወይ አንዱ መሐል ተከላካይ ከሜሲ ጋር እስከ መሐል ሜዳ መውጣት አለበት፤ ወይ ሁለተኛው አጥቂ ቡስኬትስ ላይ ተጣብቆ አማካዮቹን ከዚያ ሥራ መገላገል አለበት፤ ወይ የክንፍ ተጫዋቹ ወደ ውስጥ ገብቶ ሦስተኛ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ዋጋ አለው፤ ተከላካዩ ሲወጣ ጀርባው ይከፈታል፣ ክንፉ ሲገባ መስመሩ ነጻ ይሆናል። የትኛውን ዋጋ እንደምትከፍሉ ከጨዋታው በፊት ወስኑ። መወሰኑን ለአማካዩ ትታችሁ በኋላ እሱኑ አትውቀሱ።

የካሪክ ምርጥ ዓመት በእኔ ግምት 2012/13 ነው። ዕድሜው 31 ነበር። የፈርጉሰን የመጨረሻ ሊግ ሲሆን፣ ካሪክ በቡድን ጓደኞቹ የዓመቱ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፤ የፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ቡድን ውስጥም ገባ። የአርሰናሉ አሰልጣኝ ቬንገር ሳይቀር ድምፁን ለእሱ እንደሚሰጥ ተናግሮ ነበር።

ታዲያ እግሩ ላይ ምን ነበረው? መጀመሪያ ዓይኑን ተመልከቱ። ኳሷ ወደ እሱ ከመነሳቷ በፊት አንድ ጊዜ፣ በጉዞ ላይ እያለች አንድ ጊዜ ትከሻውን ተሻግሮ ያያል። ሁለተኛው እይታ ነው የሚለየው፤ ብዙ ልጆች አንዴ አይተው በአሮጌ መረጃ ይጫወታሉ፤ ተጋጣሚው በዚያች ሰከንድ ሦስት ሜትር ተንቀሳቅሷል። ቀጥሎ ሰውነቱን እዩ። ሰያፍ ቆሞ ከሚያቀብለው ሰው በሚርቀው እግሩ ይቀበላል፤ የመጀመሪያዋ ንክኪ ራሷ ታዞረዋለች። ከዚያ ቅብብሉ። የሚወደው ኳስ መሬት ለመሬት፣ ጠንከር ያለ፣ በሁለት አማካዮች መሐል አልፎ አጥቂው እግር የሚገባ ነው። ጠንካራ ካልሆነ ተጋጣሚ እግሩን ዘርግቶ ይቆርጠዋል፤ ካሪክ ራሱ የሌሎችን ደካማ ቅብብል እየቆረጠ ነው የኖረው። ታክል ብዙ የማይገባው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ኳሷ የምታልፍበትን መንገድ ቀድሞ ስለሚዘጋ መውደቅ አያስፈልገውም። ድክመቱም የታወቀ ነው፤ አንድ ተጫዋች ለብቻው ተመድቦ ሲጣበቅበት ይደበዝዛል፤ ሜዳው ሲከፈትና የሩጫ ውድድር ሲሆን ይቀደማል።

ከፈርጉሰን በኋላ የመጣው ጊዜ ለክለቡ ከባድ ነበር። በ2013/14 በ64 ነጥብ ሰባተኛ ሆኑ። በ2014 ክረምት አዲሱ አሰልጣኝ ቫን ኻል ሲመጣ ካሪክ ቁርጭምጭሚቱን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር፤ በኅዳር ሲመለስ ቡድኑ ስድስት የሊግ ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። አንድ ሰው ብቻውን ስድስት ጨዋታ አያሸንፍም፤ ነገር ግን ከኋላ ኳስ የሚያወጣ ሰው ሲኖር ሌሎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በ2016 ኤፍኤ ካፕን ወሰዱ። በ2016/17 ተተኪው አሰልጣኝ ሞሪኒዮ ከፖግባና ከሄሬራ ኋላ ሲያሰልፈው በ89 ሚሊዮን ፓውንድ የመጣው ፖግባ ከመከላከል ሐሳብ ተላቆ ወደ ፊት መሄድ ቻለ። በዚያው ዓመት ሊግ ካፕ ፍጻሜ ላይም በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይሮ ገብቷል።

በ2017 ሩኒ ሲለቅ አምበል ሆነ። በመስከረም ከበርተን አልቢዮን ጋር በተደረገው የሊግ ካፕ ጨዋታ በሁለተኛው አጋማሽ ሰውነቱ ልክ እንዳልሆነ ተሰማው፤ ምርመራው የልብ ምት መዛባትን አሳየ፤ ሕክምና ተደረገለት። ልጆቻችሁ «ልቤ ዝም ብሎ ይመታል፣ ዞረብኝ» ሲሉ ውኃ አጠጥታችሁ መልሳችሁ አታስገቡ። ያን ቀን ወጥቶ ይቀመጥ፤ ሐኪም አይቶት የልብ ምርመራ ሳይደረግለት ወደ ልምምድም አይመለስ። ካሪክ ተመልሶ ጥቂት ጨዋታ አደረገ፤ ግንቦት 13 ቀን 2018 ዋትፎርድን 1 ለ 0 ባሸነፉበት ጨዋታ ተሰናበተ። ግቡን ራሽፎርድ አገባ፣ ሁዋን ማታ አመቻቸለት፤ ለሁዋን ማታ ከተከላካዮች በላይ ያሻገረለት ካሪክ ነበር።

አሁን ወደ ሜዳችን ይዘነው የምንሄደውን ልምምድ ልስጣችሁ። የዩናይትድ ልምምድ ነው አልላችሁም፤ ይህን ክህሎት ለመገንባት የሚሠራ ነው። 30 በ20 ሜትር ሜዳ በኮን ለዩ። በአንዱ ጫፍ ሁለት፣ በሌላው ጫፍ ሁለት ተጫዋቾች አቁሙ፤ መሐል አንድ አማካይ ይሁን። ኳስ ከአንዱ ጫፍ ሊነሳ ሲል ከአማካዩ ጀርባ ካሉት ሁለቱ አንደኛው እጁን ያነሣል። አማካዩ አይቶ፣ በሩቅ እግሩ ተቀብሎ፣ በሁለት ንክኪ እጅ ላነሣው ያቀብላል። 45 ሰከንድ ሥራ፣ 45 ሰከንድ ዕረፍት፣ ስድስት ዙር። ልጁ ሲለምደው እጅ የሚነሣው ኳሷ ከተነሳች በኋላ ይሁን፤ ያኔ ሁለተኛዋን እይታ ግድ ይለዋል። ቀጥላችሁ አንድ ተከላካይ አስገቡ፤ መጀመሪያ በእርምጃ ብቻ፣ ከዚያ በሙሉ ኃይል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ከተከላካዩና ከአቀባዩ ጋር አንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይቆማል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ይውጣ። በቅርብ እግሩ ይቀበላል፤ ያኔ ጀርባው ለፊት ይሆንና ኳሷን ወደ መጣችበት ይመልሳታል። ጭንቅላቱን እያዞረ ምንም የማያይ ልጅም አለ፤ አሰልጣኙን ለማስደሰት ነው የሚያዞረው። ስለዚህ ዝም ብላችሁ «እይ!» አትበሉ፤ «ስንት ሰው አለ ከጀርባህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሜዳው ጎርበጥባጣ ከሆነ ሁለቱን ንክኪ ሦስት አድርጉት፤ ኳሷ ስትነጥር ዓይኑ ወደ እግሩ መውረዱ አይቀርም፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። በመጨረሻ ሁለት አማካይ ለሁለት ተከላካይ አድርጉት፤ ሁለቱ አማካዮች በጎን አንድ መስመር ላይ ከቆሙ ጨዋታውን አስቁሙ፤ ቢያንስ ስምንት ሜትር ከፍና ዝቅ ይበሉ።

በውድድር ቀን ደግሞ አንድ ረዳት 20 ደቂቃ አንድ አማካይ ብቻ ይከታተል፤ ኳስ ሳይኖረውም ዓይኑን አይንቀል። ሦስት ነገር ይቁጠር፤ ከመቀበሉ በፊት ስንቴ አየ፣ የተጋጣሚን አንድ መስመር ያለፈ ስንት ኳስ አቀበለ፣ ሳይወድቅ ስንት ኳስ ቆረጠ። ከጎኑ ባለ አምድ እያንዳንዷ ኳስ ስትጠፋ ባልደረባው የት ቆሞ እንደነበር በአንድ ቃል ይጻፍ፦ ከፍ፣ ዝቅ፣ አንድ መስመር። «አንድ መስመር» የሚለው ከበዛ የሚቀጥለውን ሳምንት ልምምድ ለሁለቱም አንድ ላይ ስጡ።